ነፋሱ የዞረበት ሰዓት

ሹፌሩ ተንበርክኮ ነው የሞተው።

አሲድ የጫነው ቦቴ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ቆሟል። ከኋላ ቫልቩ ሥር ያለው አፈር አረፋ ደፍቆ ይጨሳል። ሰውየው ከመንገዱ ታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በጎማ መፍቻና በጣቶቹ የቆፈራት ቦይ አፋፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። አሲዱ በቦይዋ ታጥፎ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሟል። ወንዙ ጋ አልደረሰም።

ኢንስፔክተሯ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ባዋሷት ጭምብል ውስጥ እየተነፈሰች ቦይዋን በእርምጃ ለካቻት። አሥራ አራት።

"ይሄ ሰው ትቶት መሸሽ ይችል ነበር" አለች።

"ምን ብሎ ይሸሻል? ሳጥኑ ነበረው እኮ" አላት የእሳት አደጋው አለቃ።

ሳጥኑ ከቦቴው በወንዙ በኩል፣ አሥር እርምጃ ርቆ፣ አጥሩ ጥግ ተቀምጧል። ብርቱካናማ ነው፤ ትልቅ የልብስ ሻንጣ ያክላል። አደገኛ ኬሚካል የሚጭን መኪና ሁሉ እንዲህ ያለ ሳጥን ይዞ መውጣት አለበት። ውስጡ ጓንት፣ የሚፈሰውን የሚያቁር ተጣጣፊ ገንዳ፣ ቀዳዳ ላይ የሚለጠፍ ወፍራም ጎማ፣ ጎማውን አጥብቆ የሚይዝ ቀበቶ አለው። ገንዳው ከቫልቩ ሥር ተዘርግቶ አራቱም ማዕዘኑ በድንጋይ ተይዟል። ቀበቶው መሬት ላይ ወድቋል። ዘለበት የለውም፤ የተሰበረው ጉርድ ብቻ ነው የቀረው።

"ዘለበት የሌለው ቀበቶ ሱሪም አይዝ፣ እንኳን ቫልቭ" አለ አለቃው።

ኢንስፔክተሯ ገንዳውን አጎንብሳ አየችው። ስንት ሺህ ሊትር መሬት ላይ ፈስሶ ገንዳው ውስጥ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ነገር ነው ያለው። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ሬሳውን ያገኘችው ከላይ ባለው ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ የምትሠራ ሴት ናት፤ በስምንት ሰዓት ወርዳ። ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነው አለ። ስልኩ ቦይዋ ውስጥ ቀልጦ ተገኘ።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በነጭ ሸሚዝ መጣ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ጭሱ መሃል ቆመ። እንባውና ንፍጡ እስኪቀላቀል አሳለው። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በክንዱ ጎትቶ አወጣው።

"እህቱ ናት" አለ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ። "የዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዘችው የገዛ እህቱ ናት። የተሰበረ ዕቃ ጭና ላከችው። እኔ ምን ልበል? ሳጥን መፈተሽ የሷ ሥራ ነው።"

"ደውሎላችሁ ነበር?"

"ለማንም አልደወለም።"

ኢንስፔክተሯ እዚያው መኪናዋ ኮፈን ላይ ለስልክ ድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈች። የሟች የዛሬ ጥሪዎች ይላኩልኝ፤ በአስቸኳይ።

የጣቢያው አዛዥ በአሥራ አንድ ሰዓት ቢሮው አስጠራት። ወፍራም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል፤ ደስ ብሎታል።

"አየሽ መገጣጠሙን? ዛሬ እኛ ኃላፊዎች ስለዚሁ ሳጥን ስልጠና ነበረን። ያ ሽማግሌ የድርጅቱ አሰልጣኝ ነው ያስተማረን። ምራቁን የዋጠ ሰው ነው! ነገሩ ግልጽ ነው። እህቱን ይዘናታል፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ከነገ ወዲያ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ቃሏን ተቀብለሽ አስፈርሚና ዝጊው።"

"ገና አላናገርኳትም፣ ጌታዬ።"

"አናግሪያታ! ማን ከለከለሽ? ግን አታርዝሚው።"

እህትየዋ በሥራ ካፖርቷ እንዳለች ነው የታሰረችው። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ከአግዳሚው አልተነሳችም።

"አንቺ ደግሞ ምን ልታስፈርሚኝ መጣሽ?"

"ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"ያኛውም ፖሊስ እንደሱ ብሎ ጀምሮ ወረቀት አወጣ። ወንድሜን አልቀበርኩም፣ እናንተ ወረቀት ታስነብቡኛላችሁ።"

"መኪናው ላይ የነበረውን ሳጥን ለመጨረሻ ጊዜ የፈተሽሽው መቼ ነው?"

"መኪናው ላይ ሳጥን አልነበረም።"

"አይቼዋለሁ። በእጄ ነክቼዋለሁ።"

"አንቺ ስለነካሽው እኔ ጫንኩት ልበል? አልነበረም አልኩሽ። ጠዋት ያለ ሳጥን አትወጣም ብዬ ተጣላሁት። ሥራ አስኪያጁ ልቀቂው አለኝ። ወንድሜ ደግሞ እየሳቀ 'ዛሬን ብቻ፣ እታለም' ብሎኝ ሄደ። ዛሬን ብቻ! ስድስት ዓመት ሙሉ ዛሬን ብቻ ነው ያለው።" የተናደደችው በሁሉም ላይ ነው፤ በሟቹም ጭምር።

"ሳጥን ቢኖረው ኖሮ ያውቅበት ነበር?"

"ሁላችንም እናውቅበታለን። አሰልጣኛችን ጋሼ እየጮኹብን ነው ያስተማሩን። መጀመሪያ አፈር በትን። ነፋሱን እይ። ሳጥንህን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አሥር እርምጃ አርቀህ አስቀምጥ። ገንዳውን ስትዘረጋ ማዕዘኑን በድንጋይ ያዝ። ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሺኝ አንዷን አልስትም፤ እሱም አይስትም ነበር።"

"ብታምኚ ይቀልልሻል ብለውሻል።"

"ቀላል ነገር ቢያምረኝ ሌላ ሥራ አጣሁ? አልፈርምም። ነገ ብትመጪም አልፈርምም። ትርፍ ጊዜ ካለሽ ነይ።"

ኢንስፔክተሯ ወደደቻት። መውደድ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ እሱን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ድርጅቱ ግቢ ሄደች። አሥራ ሦስት ቦቴ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ጎን አንዳንድ ብርቱካናማ ሳጥን ታስሯል።

"ቁጠሪያቸው" አላት ሥራ አስኪያጁ አፉን ሞልቶ።

"ክፈታቸው።"

"ቁልፉ እሷ ጋ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ከመካኒኩ መዶሻ ተዋሰችና የመጀመሪያውን ቁልፍ በሁለት ምት ሰበረችው። ውስጡ የታጠፈ ማዳበሪያ አለ፤ ከሥሩ ለክብደት የተቀመጠ ሁለት ጡብ። ሁለተኛውን ሰበረች። ማዳበሪያና ጡብ። ሦስተኛውም እንደዚያው።

የሥራ አስኪያጁ ፊት ለአፍታ አመድ መሰለ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ጮኸ፤ "ሌባ! አየሽልኝ? ዕቃውን ቸብችባዋለች! ወንድሟ መኪና ላይ ብቻ የተሰባበረ ትታለት!"

ገና ከግቢው ሳትወጣ አዛዡ ደወለላት። ወሬው ቀድሟት ደርሷል። "ስርቆትም ጨምሪበት" አላት። እህትየዋን ለማዳን የመታችው መዶሻ እሷኑ አገኛት። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ኪሷ ከታ ጥርሷን ነከሰች።

የቀራት አንድ ሰው ነበር። "ጎማው" የሚሉት ሹፌር ባለፈው ወር በጉዞ መስመር የተነሳ ከሟች ጋር ተናንቋል፤ ትናንት ደግሞ በዚያው መንገድ አልፏል። ቫልቩን ያላላው እሱ ቢሆንስ? መኪናው ሥር ተጋድሞ አገኘችው።

"ውጣና ስለጠባችሁ ንገረኝ።"

"ተኝቼ ብነግርሽ አይሰማም?" አላት፤ ግን ወጣ። "መስመሬን ቀማኝ፣ ሰደብኩት፣ ሸሚዜን ቀደደው። በሳምንቱ አብረን ምሳ በላን። ሌላ?"

"ትናንት ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ?"

"ምን ብለው ነው የሚጠሩኝ?"

"ጎማው።"

"ታዲያ የት እሆናለሁ፣ እቴ?"

ጎማ ቤት ነበር። ደውላ አጣራች። ሦስት ሰዎች መሰከሩ፤ አንደኛው "ከኛ በላይ እዚህ የሚውለው እሱ ነው" አላት። ይሄንንም ጥርጣሬ ውሃ በላው። መዶሻውን ወደ መካኒኩ ልትመልስ ስትዞር ጎማው ጠራት።

"የሳጥኖቹን ዕቃ እሷ ሸጠችው አለ አይደል?" ወደ ሥራ አስኪያጁ መስኮት ቀና ብሎ ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። "መጀመሪያም ባዶ ነበሩ! እውነተኛው ሳጥን አንድ ነው። ጋሼ መኪና ላይ ነው የሚኖረው፤ ለስልጠና። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከቦቴ ቦቴ እናሯሩጠዋለን። ሰውየው አንዱን አይቶ እስኪፈርም ያው ሳጥን በጓሮ ዞሮ ሌላው ላይ ይወጣል። የሟች ቦቴማ ባዶውም እንኳ አልነበረው። በየሳምንቱ የምትጮኸው እሷ ብቻ ነበረች።"

"እስካሁን ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ጠየቀኝ? ትናንት የመጣው ፖሊስ 'ከሟች ጋር ተጣልተሃል ወይ' ብሎኝ ብቻ ሄደ።"

አንድ ሳጥን። ያ አንድ ሳጥን ደግሞ አሁን ፖሊስ ጣቢያው ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ "ያን ቀን ጠዋት ለሟች ሰጥተነው ነበር" ቢልስ? እህትየዋ አሁንም ተጠያቂ ናት። ሳጥኑ ከሹፌሩ ጋር ሄዶ ነው ወይስ ከሞተ በኋላ ተከትሎት? ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ቆመ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳ መንገዱ ዳር ቆመች። ቦቴው ተነስቷል። ሬሳውን ያገኘችው ድንጋይ ፈላጭ መዶሻዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወረደችላት።

"ከስምንት ሰዓት በፊት ምንም አላያችሁም?"

"ከካባው ሆኖ መንገዱ አይታይም። እስከ ምሳ ድረስ ምንም አልሸተተንም። ከምሳ በኋላ ግን ዓይናችን ተቃጠለ፤ በርበሬ የተጠበሰብን ነው የመሰለን። ምንድነው ብዬ ወረድኩ።"

"አሲዱ እኮ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሲፈስ ነበር።"

ሴትዮዋ እንደ ሞኝ አየቻት። "ጠዋት ነፋሱ ከኛ ወደ ወንዙ ነዋ የሚወርደው! ስድስት ሰዓት ሲሆን ይዞርና ከወንዙ ወደኛ ይወጣል። እኛ ድንጋይ የምንፈልጠው ነፋስ አይተን ነው፤ ካልሆነ አቧራውን ስንውጥ እንውላለን። ስድስት ሰዓት ላይ ሁላችንም ቦታ እንቀይራለን። ቆመሽ እይው።"

ቆመች። አንድ እፍኝ አፈር አንስታ በተነች፤ ወደ ወንዙ ሄደ። ሴትዮዋ ጎን ተቀምጣ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ ጸጥ አለ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሌላ እፍኝ በተነች፤ አፈሩ ተመልሶ ጫማዋ ላይ አረፈ።

ኢንስፔክተሯ ተነስታ ወደ ወንዙ በኩል ወረደች። ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ሣሩ ቡናማ ሆኖ ተቃጥሏል። ከጀርባው ያለው የአጥር ሽቦ ቀይ ዝገት ለብሷል። መንገዱን ተሻግራ የካባውን በኩል አየች፤ የዚያኛው ሽቦ ከጥቂት ነጠብጣብ በቀር ያብረቀርቃል።

"ሁለቱም አጥር አንድ ጊዜ ነው የታጠረው?"

"ባለፈው ወር። ያንዱ ነጋዴ ሽቦ ነው።"

ጊዜ አላባከነችም። ጣቢያ ደርሳ ዕቃ ክፍሉን አስከፈተች። የሳጥኑ ሁለት የብረት መቆለፊያዎች ፊቷን እስኪያሳዩ ያበራሉ። አንዲት የዝገት ነጥብ የለባቸውም። ጠዋቱን ሙሉ የአሲድ ጭስ የወረደበት፣ ሽቦ የበላ ቦታ ላይ የተቀመጠ ብረት ነው ይሄ? አይደለም። ሳጥኑ እዚያ የተቀመጠው ጭሱ ከዞረ በኋላ፣ ከስድስት ሰዓት ወዲህ ነው። ሹፌሩ ደግሞ ያን ጊዜ ሞቷል።

ያስቀመጠውም ሰው ነፋሱን ያየ ሰው ነው። ውሸት ሊሠራ መጥቶ እንኳ እጁ የለመደውን ሠራ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ አሥር እርምጃ፣ ማዕዘኑ በድንጋይ። ያ ጭሱ መሃል ገብቶ ያሳለው ባለ ነጭ ሸሚዝ ይህን አያውቅም።

"አሰልጣኙ ትናንት ከሰዓት የት ነበር?" አለችው አዛዡን፣ ቢሮው ገብታ ገና ሳትቀመጥ።

"ከኔ ጋር! ከሦስት እስከ አሥር ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ሲያስተምረን ዋለ። ምን ነካሽ? ሃያ ፖሊስ ይመሰክርለታል።"

"ምሳስ?"

"ከስድስት እስከ ስምንት ተኩል። እሱ 'ጉዳይ አለኝ' ብሎ ሄደ፤ እኛ እዚሁ በላን።"

"ከሰዓት በኋላ ምን አስተማራችሁ?"

"የተግባሩን ክፍል ነበር። ግን ሳጥኑ ለጥገና ሄዷል ብሎ በሥዕል አሳየን።"

"ጠዋት ሳጥኑ ነበር ማለት ነው።"

"ነበር እንጂ! ነክተነዋል፣ ፈትተን ገጥመነዋል። እኔማ ጉልበት አበዛሁና የቀበቶውን ዘለበት ሰብሬ የሳቁብኝ…"

ቆመ።

ኢንስፔክተሯ የቀበቶውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አዛዡ ፎቶውን አየ፤ ከዚያ የራሱን እጆች አየ።

"ስንት ሰዓት ላይ ነው የሰበሩት፣ ጌታዬ?"

"አራት… ከአራት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ።" ላቡ ግንባሩ ላይ ጠብ አለ። "ስሚ፣ ይሄ ዘለበት ነገር ፋይሉ ውስጥ ባይገባ…"

"ምስክር ነዎት። ቃልዎን ልቀበል።" ንጹሕ ወረቀት አወጣች።

"እምቢ ብልሽስ?"

"'እምቢ አሉ' ብዬ እጽፋለሁ።"

ከዚያ አዛዡ ቃሉን ሰጠ፤ ፈረመም።

አሰልጣኙ ሲያመጡት ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሯ የሳጥኑን ፎቶ ሰጠችው። አርቆ ያዘና አየው።

"ጋሼ፣ ይህን ያስቀመጠው ሰው ነፋሱን አይቷል። ግን ያየው የሰባት ሰዓቱን ነው።"

ሽማግሌው ሊክድ አፉን ከፈተ። እንደገና ፎቶውን አየና ዘጋው። "እጄ ነው" አለ። "እኔ መቼ አሰብኩበት? እጄ ነው ያስቀመጠው።"

"ማን ላከዎት?"

"ማንም። ስደርስ ልጁ ሞቷል። ሳጥን ነበረው እንዲባል ዘረጋሁት። እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለበትም።"

የስልክ ዝርዝሩ በዚያው ከሰዓት ደርሷል። ሟች ለሥራ አስኪያጁ ሰባት ጊዜ ደውሏል፤ የመጀመሪያው አራት ሰዓት ከአምስት፣ የመጨረሻው አምስት ሰዓት ከአርባ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ለአሰልጣኙ ደውሏል፤ ክፍል ውስጥ እያለ። ወረቀቱን አስነበበችው።

"ምን አለዎት?"

"ስለ ሥራ ነው።"

"እህቱ መታሰሯን ሰምተዋል?"

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ገለበጠ።

"ሰምተው ቤትዎ አደሩ።"

"ድርጅቱ ከተዘጋ አሥራ ሦስት ሹፌር ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ልጄ" አለ በመጨረሻ። "እኔ አርጅቻለሁ። እኔን ውሰዱኝ።"

አዛዡ መልሱን ወደደው። "ይኸው አመነ! ነገ ጠዋት ሴትዮዋን ፍቺ፤ ሽማግሌውን እናቀርባለን። ሥራ አስኪያጁን ተይው። ሰባት ጊዜ ስልክ መደወል ምንም አያረጋግጥም፤ 'ሰላምታ ነው' ይልሻል።"

"አልተወውም።"

"በምን ማስረጃ?"

ውሃ የሚያነሳ ነገር አልያዘችም፤ ንዴት ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እህትየዋን ራሷ ሄዳ ፈታቻት። ኮሪደሩ ላይ እየሄዱ ሁሉንም ነገረቻት፤ ነፋሱን፣ ዘለበቱን፣ ሽማግሌውን። እህትየዋ አላለቀሰችም፤ አላመሰገነችምም።

"ስንት ጊዜ ደወለ?"

"ሰባት ጊዜ።"

"ለሥራ አስኪያጁ?"

"ለሱ።"

"እና እሱ ቤቱ ነው?"

"ሽማግሌው ካልተናገሩ ልይዘው አልችልም።"

"የት ናቸው?"

ኢንስፔክተሯ ደንቡን ታውቃለች፤ ተጠርጣሪና የሟች ቤተሰብ አይገናኙም። የምርመራ ክፍሉን በር ከፈተችላት።

አሰልጣኙ ሲያያት ብድግ አለ። "ልጄ፣ ይቅር በይኝ።"

"ይቀመጡ፣ ጋሼ።" እሷም ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። "የወንድሜ ቀብር በስምንት ሰዓት ነው። እስከዚያ ጊዜ አለኝ።"

"ለሹፌሮቹ ብዬ እኮ ነው…"

"እሺ። አሥራ ሦስት ናቸው። ዛሬ አራቱ በባዶ ሳጥን ይወጣሉ። የትኛው ነው ቀጣዩ? ስሙን ይንገሩኝ። ሚስቱን አውቃታለሁ፤ ቀድሜ ልንገራት።"

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

"እኔ ሁለት ቀን እዚህ ታስሬ አልፈርምም አልኩ" አለች። "እርስዎ ነዎት 'ያላየሽውን አትፈርሚ' ብለው ያስተማሩኝ። ታዲያ አሁን እኔ ላስተምርዎት? ስልኩ ሲደወል ምን አለዎት?"

ኢንስፔክተሯ ግድግዳውን ተደገፈች።

"'ክፍለ ጊዜህን ጨርስ፤ ፖሊሶቹ አንድ ሳጥን ብቻ እንዳለን እንዳይነቁ' አለኝ። ለልጁ ደግሞ 'ሳጥኑ እየመጣ ነው፣ እሳት አደጋ እንዳትጠራ' ብሎታል።" አለ ሽማግሌው። "እኔም ጨረስኩ።"

እህትየዋ ፊቷ አንድ ጊዜ ብቻ ተጨማደደ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ወደሱ ገፋችው፤ እስክሪብቶውን ከኢንስፔክተሯ ኪስ ራሷ መዝዛ ሰጠችው።

"አሁን ያሉኝን ይጻፉት።"

"ልጄ፣ ቀብሩ እንዳያመልጥሽ…"

"ወንድሜ ሳጥኑን ሲጠብቅ ነው የሞተው። እኔን ደግሞ እስከ ስምንት ሰዓት ይጠብቀኛል። ይጻፉ።"

ሽማግሌው መጻፍ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ በአስተማሪ እጅ ጽሑፍ። ከውጭ አዛዡ በሩን አንኳኳ፤ "ማነው እዚህ ውስጥ ያለው? ማን ፈቀደ?" ኢንስፔክተሯ በጀርባዋ በሩን ገፍታ ቆመች፤ መልስ አልሰጠችም። እህትየዋ ወንበሯን ይዛ ዞረችና ከሽማግሌው ትከሻ በላይ ታነብ ጀመር። ሁለተኛው መስመር ላይ አስቆመችው።

"ሰዓቱን ዘለሉት" አለች ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ። "አራት ሰዓት ከአሥር።"